ለሙታን ያዘጋጀነው በርበሬ

ከባለቤቴ ከምትኩ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ በርበሬ መንፋት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጀሞ ባለው ኮንዶሚኒየማችን ጠባብ በረንዳ ላይ ጋዜጣ አንጥፈን፣ ከወፍጮ ቤት የመጣውን በርበሬ እኔ በወንፊት እየነፋሁ፣ እሱ የተነፋውን በጭልፋ ወደ ጣሳው እየጨመረ ተቀምጠናል። የልጅ ልጃችን ናቲ ሶፋው ላይ ተጋድሞ በስልክ ይጫወታል፤ ከጨዋታው ውስጥ የሚያቃስት ብዙ ሰው ይሰማል።

«አያቴ፣ ዞምቢ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?» አለው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

ምትኩ ጭልፋውን አቁሞ፣ ለሽምግልና እንደተጠራ ሰው ትንሽ አሰበ።

«መጀመሪያ አስነጥሰዋለሁ» አለ።

ልጁ በሳቅ ፈረሰ። በዚያው ቅጽበት ምትኩን ራሱን አስነጠሰው። «ይማርህ» አልኩት። «ያኑርሽ፤ ሰው ነኝ፣ ባላሽን አውርጂ» አለኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ ባስነጠሰው ቁጥር የሚለኝ ነገር ነው፤ ብዙ ከመስማቴ የተነሳ መሳቁን ትቼው ነበር። ከምሳ በኋላ ጋደም አለ። ለመክሰስ ስቀሰቅሰው አልተነሳም።

ሐኪሙ ልብ ነው አለን። ልብ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ የማላውቀው፣ ጠዋት በርበሬ ሲጨምር የነበረ እጅ ለመክሰስ እንዴት እንደዚያ እንደሚቀዘቅዝ ነው። ዛሬም አላውቀውም። ጣሳው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳይከፈት ቆየ፤ ጎረቤቶቼ የሚልኩልኝን እየቀመስኩ ወራት አለፉ። ባለፈው ሰሞን ግን ብቻዬን ሆኜ ከፈትኩት፤ የበርበሬውና የኮረሪማው ሽታ ፊቴን ሲመታኝ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። የጀሞው ወለል አልነበረም። ከጉሎ ተክል ሥር ያለ፣ እርጥብ አፈር አፈር የሚል ምሽግ ውስጥ ነበርኩ።

ያደግነው ከጎፋ ዝቅ ብሎ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ከላያችን ቤተ ክርስቲያኑና መቃብሩ አሉ፤ ከበታችን ደግሞ የነባሮቹ ገበሬዎች የጤፍና የሽምብራ ማሳ ወደ ላፍቶ ይዘረጋል። በክረምት ከላይ የሚወርደው ጎርፍ የመቃብሩን ቀይ አፈር ይዞ በየደጃችን ስለሚያልፍ፣ እናቶቻችን በባዶ እግራችን እንዳንረግጠው ይቆጡን ነበር። ዘመኑ የደርግ መጨረሻ አካባቢ ነው። ጎረምሶች ከየመንገዱ እየታፈሱ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ፤ ሬዲዮው ስለ ድል ያወራል፤ ሰፈሩ ግን ሬዲዮው ከሚለው ይልቅ ማን ለማን ድንኳን እንደተከለ ይቆጥር ነበር። እኛ ልጆች ግን የምንፈራው ሌላ ነገር ነበረን። የምንፈራው ሙታንን ነው።

ያስጀመረን ጋሽ ደጀኔ ነው። መካኒሳ አንድ ፈረንጅ ግቢ ዘበኛ ነበር፤ ጌታው አገሩ ሲሄድ ቪዲዮውን አብርቶ እኛን ሦስታችንን፣ ምትኩን፣ ማርቆስንና እኔን፣ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ጫማችንን አስወልቆ አስቀመጠን። በፊልሙ ውስጥ ሬሳዎች ከመቃብር ተነስተው፣ ልብሳቸው ተቀዳዶ፣ እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው ይሄዳሉ። ጋሽ ደጀኔ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ አላውቅም ማለትን ግን ከዚያ ያነሰ ነበር የሚያውቀው።

«ጋሼ፣ ምን እያሉ ነው?» አለ ምትኩ።

«ዝም በሉ፣ እያዳመጥኩ ነው» አለና ጆሮውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዘነበለ። «መሬታችንን መልሱ እያሉ ነው።»

በዚያ ዘመን ላደገ ልጅ ከዚህ የበለጠ የሚታመን ነገር አልነበረም። መሬት ከባለርስት ተወስዶ ለአራሹ ተሰጥቷል፤ ይህን በትምህርት ቤት በዜማ ጭምር አጥንተነዋል። ባለርስቶቹ ደግሞ ሞተዋል። ታዲያ ቢነሱ ሌላ ምን ይጠይቃሉ? ከሁሉም የከፋው፣ ከጎፋ ቁልቁል እስከ ወንዙ ያለውን መሬት ሁሉ የነበራቸው አንድ ፊታውራሪ ከላያችን፣ በእብነ በረድ መቃብር ውስጥ፣ እግራቸውን ወደ እኛ ቤት አድርገው ተኝተው ነበር። ከተነሱ ፊታቸውን ማዞር እንኳን አያስፈልጋቸውም፤ ቀጥ ብለው መውረድ ነው።

በማግስቱ ስብሰባ ተቀመጥን። ሊቀመንበሩ ምትኩ ነው። ከእኔ በአንድ ክፍል ይበልጠኛል፤ ጆሮው ትልልቅ፣ ጉልበቱ ሁልጊዜ የተላጠ፣ ነገር ሲያስብ የሸሚዙን አንገት የሚያኝክ ልጅ ነበር። ማርቆስ ቤተሰቦቹ ከወላይታ የመጡ ጴንጤዎች ናቸው፤ የጸሎት ቤታቸው ስለተዘጋ ማታ ማታ በየቤቱ በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር፤ ልጁም ከዚያ ልምድ የተነሳ ሲጣላ እንኳን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

«ሙታን ሲነሱ መላእክት መስለው ነው» አለ ማርቆስ። «አባቴ አንብቦልናል። አይናከሱም።»

«የእናንተዎቹ አይናከሱ ይሆናል» አለ ምትኩ። «ፊታውራሪ ግን በቁማቸውም ይገርፉ ነበር።»

«ካመኑ ይለወጣሉ።»

«እስኪለወጡ ምሽግ ውስጥ እንጠብቃቸዋ» አልኩ እኔ፤ በዚህ ተስማማን።

ምሽጉ ተዘጋጅቶ የቆየን ያህል ነበር። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ፣ እኛ ገና ጨቅላ ሳለን፣ አውሮፕላን ይመጣል ተብሎ ቀበሌው በየሰፈሩ ጉድጓድ አስቆፍሯል አሉ። አውሮፕላኑ አልመጣም፤ ጉድጓዱ ግን በጎረቤታችን በእትዬ አስካለ ጓሮ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ጉሎ በቅሎበትና ቆሻሻ ሞልቶት ቀርቶ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ጠረግነው። የባሕር ዛፍ እንጨት አጋድመን፣ የዛገ ቆርቆሮ ደርበን፣ ላዩን በአፈርና በጉሎ ቅጠል ሸፈንነው። በሩ ከአሮጌ የዘይት በርሜል የተዘረጋ ክዳን ነው፤ ሲገፋ ይጮኻል፤ ምትኩ ዘይት እንዳይቀባ ከለከለ፣ የሚመጣውን እንዲናገር። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን የሰው በር የሠራ አናጺ ሆኖ ኖረ፤ የመጀመሪያ በሩ ግን ያ ነው፤ እንደዚያ ጠማማ በር ከዚያ ወዲህ አልሠራም።

ስንቃችን በሶና የሽምብራ ቆሎ ነው። ማርቆስ ቆሎውን ሙታኑ ከመነሳታቸው በፊት ስለሚጨርሰው ሁለት ጊዜ ታስሯል። መሣሪያችን ወንጭፍ፣ ከገበሬዎቹ ከእነ ቱሉ ማሳ ዳር የተነቀለ ሳማ፣ በአረቄ ጠርሙስ የተሞላ ጸበል፣ እኔ የያዝኩት ረጅም ባላና፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ በጨርቅ የተቋጠረ በርበሬ ነበር። በርበሬው የእትዬ አስካለ ነው። ከአንድ ልጃቸው ከአየለ በቀር በከተማው ዘመድ ያልነበራቸው ባልቴት ናቸው፤ ጊዜ ለሌላቸው የቤት እመቤቶች በርበሬ እያዘጋጁ ይሸጡ ነበር፤ ኮረሪማ ስለሚያበዙበት በርበሬያቸው ከሩቅ ይታወቃል። እኛ ከሙቀጫው ዙሪያ የሚበተነውን ጠርገን እንወስዳለን፤ እሳቸው ለጽዳታችን ይመርቁን ነበር።

ስለ አጠቃቀሙ ብዙ ተከራክረናል። ማርቆስ ሬሳ ስሜት ስለሌለው በርበሬም ሳማም አይሠራበትም አለ፤ እውነት መሰለንና ተስፋ ልንቆርጥ ነበር። ምትኩ የሸሚዙን አንገት ሲያኝክ ቆየና፣ «ለዚያ እኮ ነው የሚጠቅመን» አለ። «ሕይወት ያለው ሰው ያስነጥሰዋል። ሬሳ አያስነጥሰውም። የሚመጣ ሰው ላይ እንበትንበታለን፤ ካስነጠሰው ‹ይማርህ› እንለዋለን፤ ‹ያኑራችሁ› ካለ ሰው ነው፣ እናስገባዋለን። እናቶቻችን ሊፈልጉን ሊመጡ ይችላሉ እኮ።» እኔ ስለ መማታት ብቻ ነበር የማስበው። እሱ ግን ከሙታኑ መሃል እናቱ ብትመጣ በምን እንደሚለያት ያስብ ነበር። ይህ ያኔ ብዙም አልገረመኝም፤ አሁን ግን ስጽፈው እጄን ያቆመኛል።

በዚያው ክረምት የአየለ መርዶ መጣ። አየለ ትልቅ ልጅ ነው፤ ኳስ ሲመታ ጫማው ከኳሱ እኩል ይሄድ ነበር፤ ከተያዘ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። አንድ በምርኩዝ የተመለሰ ጓደኛው ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ አለ። ከቀበሌ ወረቀት አልመጣም፤ ያኔ ወረቀት የሚጠብቅ አልነበረም። ሽማግሌዎች ገና ጎህ ሲቀድ የእትዬ አስካለን በር አንኳኩ። ጩኸቱን ከአልጋዬ ሆኜ ሰማሁት፤ የሰው ድምፅ መሆኑን ያወቅሁት ከቆየ በኋላ ነው። ድንኳኑን የተከሉት የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ጠመንጃቸውን ግንድ ላይ አስደግፈው በእጃቸው ካስማ መቱ። የዕድሩ አባል ነበሩ፤ አየለን ይዘው ያስረከቡትም እሳቸው ናቸው። ለቅሶው ላይ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው አለቀሱ። ማልቀሳቸው የማስመሰል አልነበረም፤ ልጆች ይህን ያውቃሉ።

«ያልተቀበረ ሰው ከየት ነው የሚነሳው?» አለ ማርቆስ ምሽጋችን ውስጥ።

«እናቱ ቤት ነዋ የሚመጣው» አለ ምትኩ። «ሌላ የት ያውቃል?»

ይህን ከተናገረ ብዙም አልቆየም። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ካፊያ ያካፋል፤ ጉሎው ላይ የሚንጠባጠበውን እየሰማን ሦስታችን በሶ በጥብጠን እንጠጣለን። የበርሜሉ ክዳን ጮኸ። ሦስታችንም ሊፈልጉን የመጡ እናቶች መስለውን ዞር አልን። የመጣው ግን ጢሙ የጎፈረ፣ ካፖርቱን ገልብጦ የለበሰ፣ እግሩ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ከላይ እስከ ታች ጭቃ የሆነ ሰው ነው። እጁን ወደፊት ዘርግቷል፤ ጨለማ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ እንደሚዘረጋው መሆኑን ያኔ ማን ያስታውስ። ፊቱን አየሁት። አየለ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ በፎቶ ያየነው አየለ።

ማርቆስ ዓይኑን ጨፍኖ በወላይትኛ መጸለይ ጀመረ። እኔ የበርበሬውን ቋጠሮ ፈትቼ በሙሉ ፊቱ ላይ በተንኩት፤ ባላዬንም አንስቼ ደረቱ ላይ ደገንኩ። ሰውዬው በጉልበቱ ወደቀ። ከዚያ አስነጠሰው፤ እንደገና፤ እንደገና። ሦስት ጊዜ፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። ምትኩ ግድግዳውን ተደግፎ፣

«ይ...ይማርህ» አለ።

ሰውዬው ዓይኑን በእጁ ጨፍኖ፣ እንባና ንፍጥ እየወረደው፣ «ያኑራችሁ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ጣቱን ላሰ። «የእማዬ በርበሬ ነው፣ አይደል?» አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለቀሰው ከበርበሬው የተነሳ አልነበረም።

ለፊታውራሪ ያዘጋጀነውን ጸበል ዓይኑ ላይ አፈሰስንለት። ሊጠጣው ሲል ማርቆስ ጠርሙሱ የአረቄ እንደነበረ አስጠነቀቀው፤ «ምነው በሆነ» አለ አየለ። ቆሎውን እየበላ ሁሉን ነገረን። ቆስሎ ከሬሳ ጋር አንድ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ሲነቃ ጦሩ ሄዷል፤ ከዚያ ወዲህ በእግሩ፣ በጭነት መኪና፣ በእግሩ እየሆነ መጥቷል። ከታየ ከዳተኛ ነው፤ ከዳተኛ ምን እንደሚደረግ እኛም እናውቃለን። ያየው ሰው የለም፤ እናቱም አልሰሙም። ምትኩ ሲጨንቀው የቆየውን ጠየቀው።

«አየለ፣ እዚያ ሙታን ሲነሱ አይተሃል?»

«አንድም» አለ አየለ። ቆሎውን ማኘክ አቆመ። «ጠብቄያቸው ነበር። አንድ ሌሊት ሙሉ፣ አጠገቤ ተኝተው፣ አንዱ እንኳን ቢንቀሳቀስ ብዬ ጠብቄያቸው ነበር።»

ሙታንን መፍራታችን በዚያ አበቃ። ከዚያ በኋላ የፈራነው ሕያዋንን ነው።

ለእናቱ እንንገር አንንገር ብለን ተጨቃጨቅን። እኔ እንንገር አልኩ፤ ማርቆስም። አየለ ራሱ ግን እምቢ አለ፤ «እማዬ ደስታዋን መደበቅ አትችልም። ፊቷ ይነግርባታል። እግሬ ሲሻለኝ መልእክት እልክላታለሁ» አለ። እውነቱን ነበር፤ በእትዬ አስካለ ግቢ ከጠዋት እስከ ማታ ለቅሶ ደራሽ አይጠፋም፤ ጋሽ ወርቁም የዕድሩን ወንበር ሊያስቆጥሩ፣ ውሃ ተቀድቶላቸው እንደሆነ ሊጠይቁ ይመላለሳሉ። ስለዚህ ሰውየው ከእናቱ ጓሮ ማዶ ባለ ጉድጓድ ውስጥ፣ እናቱ ስሙን እየጠሩ ሲያለቅሱ እየሰማ፣ ቁስሉን በእኛ ጸበል እያጠበ ተቀመጠ።

እንደዚህ እያለን የአየለ አርባ ደረሰ። መርዶውን በጊዜው ያልሰማች አክስት ከገጠር በመምጣቷ ለቅሶው እንደ አዲስ ተቀሰቀሰ። አክስቲቱ ደረቷን እየደቃች ታወርዳለች፦

አየለ አየለ የበሬ ጠባቂ፣
ማን ይከፍትልኛል ብሆን ዘግይቶ አንኳኪ።

እኔና ምትኩ በአጥሩ ቀዳዳ የተዝካሩን እንጀራ በጎድጓዳ ሳህን አድርገን ለአየለ አሳለፍንለት። አንድ ሰው የራሱን ተዝካር ሲበላ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እየበላ ያዳምጣል። አንዱ ሽማግሌ ተነስተው አየለ ትሑት፣ ታላቅን አክባሪ፣ ቃል የማይመልስ ልጅ እንደነበረ ሲናገሩ ጉርሻውን አቆመ።

«እኔ ነኝ?» አለ በሹክሹክታ።

«አዎ» አለ ምትኩ።

«የእሳቸውን መስኮት በኳስ የሰበርኩት እኔ ነኝ እኮ።»

ሳቃችንን ለመዋጥ አፋችንን በእጃችን አፈንን። ምትኩ የጠላ ማሰሮውን ይዞ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ፤ እኔም ተከተልኩት።

ካህናቱ ጸሎታቸውን ጨርሰው ሊባርኩ ተነሱ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ወጥ የሚሠሩት ሴቶች ግን ከጓሮ፣ ለማታ እንግዳ ሁለተኛውን ድስት ጥደው፣ ቁሌቱ ላይ በርበሬ ጨመሩ። ጢሱ በነፋሱ ወደ አጥሩ፣ ወደ ጉሎው ሄደ። እዚያው ቆሜ ሳየው ምን እንደሚመጣ አውቄዋለሁ። ከአጥሩ ወዲያ አስነጠሰው። እንደገና። እንደገና። ሦስት ጊዜ፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው።

እትዬ አስካለ መሬት ላይ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ራሳቸውን ደፍተው ተቀምጠው ነበር። ራሳቸውን ሳያነሱ፣ ለሃያ ዓመት በየቀኑ እንዳሉት ሁሉ፣

«ይማርህ» አሉ።

ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የሰሙት። ፊታቸው አመድ መሰለ። ድንኳኑ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ፤ ጋሽ ወርቁ ደግሞ ወደ አጥሩ ዞሩ። ያን ጊዜ ምትኩ፣ ማሰሮውን እንዳቀፈ፣ በአጥሩ በኩል ካለው የድንኳኑ ዳር ወደፊት አንድ ርምጃ ራመደና በጠራ ድምፅ፣

«ያኑርዎት፣ እትዬ» አለ። አፍንጫውንም በእጅጌው ጠረገ።

ጋሽ ወርቁ ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አንተ» አሉት፣ «ድምፅህ መቼ ጎረመሰ?»

«ጉንፋን ነው፣ ጋሼ።»

አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ። ጋሽ ወርቁ ግን አልሳቁም። ዓይናቸው ከልጁ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ እናትየዋ ሄደ፤ እትዬ አስካለ ላይ ሲደርስ ብዙ ቆየ። ከዚያ ብርጭቆአቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ጉንፋን ከሆነ» አሉ በቀስታ፣ «ብርድ ላይ መቆየት የለበትም። ዛሬውኑ ይሂድና ይሙቅ።»

ለማን እንዳሉት ዛሬም አላውቅም። ምትኩ ለአየለ ነው ይል ነበር፤ እኔ ለምትኩ ነው እያልኩ ስንከራከር አርጅተናል።

እትዬ አስካለ ያን ዕለት ማታውን አልጮኹም፣ አልሮጡም። በማግስቱ ጠዋት ታጥቦ የማያውቅ አንሶላ ሳይቀር አጥበው አጥሩ ላይ አሰጡ፤ እያሰጡም ከልብሱ ጋር የሚነጋገሩ ይመስል ያወሩ ጀመር። እግሩ እንዴት እንደሆነ አንሶላውን ጠየቁት። አንሶላው መለሰላቸው። ከጀርባቸው እንግዳ ሲገባ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወስደው ያለቅሳሉ፤ እንግዳው ሲወጣ ወደ አጥሩ ይመለሳሉ። ልጃቸውን ሳያቅፉት ነበር የተሰናበቱት፤ በአጥሩ ቀዳዳ ጣታቸውን አሳልፈው ነው። በርበሬ የተበተነበት የወታደር ካፖርቱ እንዳያሳብቅበት እሱን ብቻ በአጥሩ አናት ተቀብለው ምድጃ ውስጥ አቃጠሉት።

ማርቆስ ሲነግረው አየለን ከሰፈሩ ያወጣው አባቱ ነው። አብረውት የሚጸልዩት ሰውን በሹክሹክታ ማሰባሰብና በሹክሹክታ መበተን የለመዱ ሰዎች ስለነበሩ፣ ከመካከላቸው አንዱ ሹፌር ወደ ደቡብ በሚሄድ የጨው ጭነት መካከል አስቀምጦት ሄደ። እትዬ አስካለ ጥቁራቸውን አላወለቁም፤ ማውለቅም አይችሉም ነበር። ለሕያው ልጃቸው ከል ለብሰው ሙት ዓመት አውጥተዋል፣ ጠበል ቀምሰዋል፣ «እግዜር ያጽናሽ» ሲባሉ «አሜን» ብለዋል። ደብዳቤ አይጻፍም፤ ወሬ አይላክም። መንግሥት ከመለወጡ በፊት በነበረው ክረምት ሳምባቸውን ታመሙና አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሰው ሁሉ ከልጃቸው ጋር ተገናኙ እያለ እርስ በርሱ ተጽናና፤ እኔና ምትኩ አንገታችንን ደፍተን ነበር። አየለ በተከታዩ ዓመት ጢሙን ተላጭቶ በፀሐይ፣ በዋናው መንገድ፣ ማንንም ሳይደበቅ መጣ። የራሱን ለቅሶ ሰምቶ የእናቱን ሳይሰማ ቀረ።

አሁን ያ ቁልቁለት የለም። አስፋልት ወጥቶበት፣ ከፍ ያሉ ፎቆች ቆመውበታል፤ ምሽጉ የነበረበትን ቦታ ምትኩ አንድ የመኪና ማቆሚያ ላይ እግሩን እየመታ «እዚህ ነው» ይለኝ ነበር፤ በሄድን ቁጥር ሌላ ቦታ ነው የሚመታው። ማርቆስ የት እንዳለ አላውቅም። ጋሽ ወርቁ መንግሥት ሲለወጥ ከታሰሩበት ሲፈቱ ማንንም ሳያነጋግሩ ኖረው ሞቱ። አየለ ግን በምርኩዝ እየተመራ የምትኩ ለቅሶ ላይ መጣ። ከአጠገቤ ተቀመጠና «ለእኔ የመለሰልኝ እሱ ነበር» አለኝ፤ ሌላ ነገር አልፈለግሁም።

ልናገረው የሚያሳፍረኝ አንድ ነገር አለ፤ ግን ሰው አርጅቶ ካልጻፈው መቼ ይጽፈዋል። በምትኩ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ሰዎቹ ድንገት ዝም ሲሉ ጆሮዬ ከሸራው ማዶ ሲያዳምጥ ያዝኩት። ከማዕድ ቤቱ የቁሌት ጢስ ይመጣል። እየጠበቅሁ ነበር። እኔ ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ሰው ከለቅሶው ማዶ ሲያስነጥስ የሰማሁ ሴት ነኝ፤ ስለዚህ ሌላው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እኔ በደንብ አላወቅሁትም። አፌ «ይማርህ» ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር። ከሸራው ማዶ መኪና አለፈ፤ ልጆች ኳስ ሲመቱ ተሰማ። ሌላ ምንም አልነበረም። ሙታን እንደማይነሱ የተረዳሁት ያኔ ነው፤ በዚያ ምሽግ ውስጥ አየለ ሲነግረን ሳይሆን፣ ያኔ።

በርበሬው እያለቀ ስለሆነ ሰሞኑን አዲስ አስፈጭቻለሁ። ኮረሪማ አብዝቼበታለሁ። ስነፋ በረንዳው ላይ መቀመጥ ትቻለሁ፤ ጋዜጣውን የማነጥፈው በደጁ በኩል ነው። ደረጃውን የሚወጣ የሚወርድ ጎረቤት ሽታው ሲደርሰው ያስነጥሰዋል፤ ከውስጥ ሆኜ «ይማርህ» እላለሁ፤ ማን እንደሆነ ሳላይ «ያኑርዎት፣ እማማ» ብሎኝ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አሁን በርበሬ የምነፋው በሩን ከፍቼ ነው።